እንጀራ ያልቀረበበት ግብዣ

ይህች ልጅ አባቷን ገደል ለከተተባት ሰው በገዛ እጇ ምሳ ለማሰናዳት እንዴት እሺ አለች?

እትዬ ብዙነሽ ሰኞ ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ የያዙት ሐሳብ ይኸው ነበር። የልጅ ልጃቸው ሩት ከፊት ለፊታቸው ባለው አልጋ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች፤ ወይም የተኛች መስላለች። ሊጠይቋት ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለቴም መልሱን ፈርተው ዘጉት። «ተነሽ፣ እህል ቅመሽ» ብቻ አሏት፤ ስድስት ጊዜ ያህል።

ትናንት እሑድ የሸዋ ሮቢቱ የሽንኩርት ነጋዴ አየለ ቤቱ እንግዳ ጠርቶ ምሳ በላ። በምሳው መሀል ላብ በላብ ሆነና አስተኙት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊቀሰቅሱት ሲገቡ ሞቷል። ምሳውን ያሰናዳችው ሩት መሆኗን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሩት የደምሴ ልጅ መሆኗንም ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ደምሴ የእትዬ ብዙነሽ አንድያ ልጅ፣ የአየለ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ ጭኖ ሲመለስ ከጣርማ በር ቁልቁል ፍሬኑ እምቢ አለውና ከረዳቱ ከአቤል ጋር ገደል ገባ። አየለ ለትራፊክ ፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነበር። «ሾፌሬ ጠጪ ነው፣ ስንት ጊዜ መክሬዋለሁ» አለ። ደምሴ መሪ በያዘበት ቀን ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን «በስካር» ተብሎ ተጻፈ፤ ያ ቃል ከእናቱ ደረት ላይ ወርዶ አያውቅም። በየዓመቱ ሙት ዓመቱን ሲያስቡ በስተመጨረሻ አንድ ልመና ይጨምራሉ። ልመናው ለቄስ የሚነገር ዓይነት አይደለም።

ትናንት ከአየለ ግቢ ለቅሶ ሲሰማ ልመናቸው የደረሰ መስሏቸው ነበር። ቀና ብለው ቆሙ፤ ወገባቸው እንኳ አላመማቸውም። «ሰማኸኝ» አሉ በቀስታ። ወዲያው ግን ዓይናቸው ሩት ከግብዣው አምጥታ በረንዳው ላይ ያስደገፈቻቸው ሁለት የእንጨት የምግብ ማቅረቢያ ሰሌዳዎች ላይ አረፈና ደስታው ቀዘቀዘ።

ሰሌዳዎቹ የሩት መተዳደሪያ ናቸው። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ማእድ ቤት ሦስት ዓመት ሠርታ ይዛው የመጣችው ሙያ ነው፤ በሐኪም እንጀራና ዳቦ ተው ለተባለ ሰው የሚቀርብ የእንግዳ ምግብ። የዋንዛ ሰሌዳ ላይ በራሷ እጅ ያደረቀችውን ስስ ቋንጣ ትጠቀልላለች። ተጠብሶ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ፣ ቅቅል እንቁላል፣ በጤና አዳም የታሸ አይብ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ደረቅ ቺዝ፣ አቮካዶና ኦቾሎኒ ትደረድርበታለች። በዳቦ ፈንታ በክብ የተቆረጠ ኪያር አለ፤ ሥጋውና አይቡ እሱ ላይ ተደርጎ ይጎረሳል። እትዬ ብዙነሽ መጀመሪያ ያዩት ቀን ሰሌዳውን ዙሪያውን ፈትሸው «እንጀራውስ?» ብለው ነበር። ሰው ጠርቶ እንጀራ አለማቅረብ ስድብ ይመስላቸዋል። በቆላው ግን ስኳር የያዘው ሰው በዝቷል፤ ትዕዛዙም በዚያው ልክ በዛ።

ትናንት ሲመሽ እትዬ ብዙነሽ ሁለቱንም ሰሌዳ በፈላ ውሃና በአመድ ፈተጓቸው። ደግመው ፈተጓቸው። ለምን እንደሆነ ለራሳቸው እንኳ አልነገሩም፤ እጃቸው ብቻ ሠራ።

ሌላም የሚያስፈራቸው ነገር ነበር። ከፋሲካ በፊት፣ ገበያ መሀል፣ ለአንድ ሰው በጆሮ ያሉት ነገር። እሱን ሊያስቡትም አልደፈሩም።

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ኢንስፔክተር መሊካ የመጣችው ብቻዋን፣ በባጃጅ ነው። አርባ ዓመት ግድም የሆናት፣ ግራጫ ሂጃብ ያጠለቀች ቀጭን ሴት ናት፤ የጎረቤቷ ከተማ የጀውሃ ልጅ። ስትናገር አትቸኩልም፤ ዓይኗ ግን ከአፏ ቀድሞ ቤቱን ዞሮ ጨርሷል።

«እንዴት አደሩ እትዬ ብዙነሽ። ሰሌዳዎቹን ልይ ብዬ ነው።»

ሰሌዳዎቹ ፀሐይ ላይ ነበሩ። አንዱን አነሳችና አሸተተችው፤ ጠርዙን በጥፍሯ ጫረችው።

«አመድ» አለች። «ማነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሩት ከበሩ ሥር።

መሊካ የሩትን እጅ አየች። ቀጥላ የአሮጊቷን፣ በሙቅ ውሃ የቀላውንና በአመድ የተላጠውን እጅ አየች። «አያትሽን መውደድሽ ደግ ነው» አለች። «እትዬ፣ ምን አግኝተውበት ነው?»

«ምን አገኛለሁ? የቆሸሸ ዕቃ አይታጠብም እንዴ በዚህ አገር?»

«ይታጠባል። የአየለ የወንድም ልጅ ኤርሚያስ ጠዋት ጣቢያ መጥቶ ‹ሩት መርዝ አበላችው› ብሏል። ሰሌዳው ባይታጠብ ኖሮ አስመርምሬ ‹የለበትም› እለው ነበር። አሁን ምን ልበለው?»

እትዬ ብዙነሽ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ልጅቷን ያዳኑ መስሏቸው የምትድንበትን ነገር ነው ያጠቡት።

ሩት የሆነውን በሥርዓት ተናገረች። ምሳውን ያዘዘችው የአየለ ሚስት ሜሮን ናት። ሜሮን ከደምሴ ጋር የሞተው የረዳቱ የአቤል እህት ናት። አየለ ያን ጊዜ የአቤልን ቀብር አስፈጽሞ፣ ቤተሰቡን ሲደግፍ ቆይቶ በሁለተኛው ዓመት አገባት፤ ከተማውም መረቀው። እሑድ የተጠራው እንግዳ ደግሞ ካሚል የሚባል ነጋዴ ነው። የሁለቱ እርሻ የሚጠጣው ከአንድ ቦይ ነው። አየለ በካሚል የውሃ ተራ ውሃውን ወደራሱ ማሳ አዙሮ የካሚል ሽንኩርት ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ተኳርፈው ነበርና ግብዣው የእርቅ ነው። አየለ፣ ሜሮን፣ ኤርሚያስና ካሚል በሉ፤ ሩት አሳለፈች።

«ሁለት ሰሌዳ ለምን ሆነ?»

«አንዱ የጋሽ ካሚል ነው። ሥጋው ከእስላም ሥጋ ቤት፣ ቢላዋውም ለብቻው። ሰሌዳዎቹ ተቀላቅለው አያውቁም፤ ከጀርባ ምልክት አላቸው።»

መሊካ ገልብጣ ምልክቱን አየችና ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲህ ምን ጠጣችሁ?»

ሩት ግራ ገባት። «እነሱ ቢራ። ጋሽ ካሚል ውሃ።»

«ውሃ ብቻ?»

«ውሃ ብቻ።»

መሊካ ደብተሯ ላይ ይህን ብቻ ጻፈች። እትዬ ብዙነሽ በሆዳቸው ተንገበገቡ፤ የልጅ ልጃቸው አንገት ላይ ገመድ ተንጠልጥሎ ይህች ሴት ስለ መጠጥ ትጠይቃለች።

«አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ልጠይቅሽ» አለች መሊካ። «ለአየለ ምሳ ለመሥራት ለምን እሺ አልሽ?»

ሩት አንገቷን ደፋች። «ሥራ ነው» አለች።

እትዬ ብዙነሽ አሳድገዋታልና መዋሸቷን አወቁ። መሊካም ያወቀች ይመስላል፤ ግን አልገፋችም። «ልበሺ፣ አብረን እንዞራለን» አለቻት። «ኤርሚያስ ዘመድ ሰብስቦ ይፎክራል፤ ከእኔ ጋር ብትሆኚ ይሻላል።»

እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አነሱ።

«እርስዎ እንኳ ቢቀሩ።»

«እኔን ሳትይዢ እሷን አትይዢም» አሉ፤ ባጃጁ ውስጥ ቀድመው ገቡ።

ካሚልን ያገኙት ከአስፋልቱ ዳር ባለው መጋዘኑ፣ በሽንኩርት ከረጢት መሀል ነው። እትዬ ብዙነሽን ሲያይ ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጣቸው። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መሊካ ስለ ቦዩ ስትጠይቀው ምንም አልደበቀም። «ጠልቼው ነበር። ወላሂ ዱዓ ላይ ስሙን ጠርቼ ረግሜዋለሁ። ቤቱ ጠርቶ ‹አፉ በለኝ› ሲለኝ ግን ምን ልበል? ማረኝ ያለን ሰው መቼም አይገፉትም፤ ሄድኩ።»

የተባለውን ሁሉ አስታወሰ። አየለ የስኳር መድኃኒቱን በመርፌ የወጋው እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ሸሚዙን ገልቦ ነው። የሚወስደው መጠን ካሚልን ስላስደነገጠው «እኔ እንደ ወንድ ነው የምወጋው» ብሎ አሾፈበት። ከትልቁ ሰሌዳ ከሁሉ ይልቅ የበላው ኤርሚያስ ነው፤ ከአጎቱ ፊት ሳይቀር እያነሳ። ብዙም ሳይቆይ አየለ አላበው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ካሚልን በሌላ ሰው ስም ጠራው።

«እናቴ ስኳር ነበረባት፣ አላህ ይዘንላት። እንዲህ ስትሆን ጣፋጭ እናቀምሳት ነበር። ‹ስኳር አምጡለት› አልኩ። ኤርሚያስ ‹ስኳር ላለበት ሰው ስኳር?› ብሎ ጮኸብኝ። ቤቱም ውስጥ የለም ተባለ፣ የስኳርተኛ ቤት ነው። አፈርኩና ዝም አልኩ። ነርስ እንጠራለን ብለው ሸኙን።»

«እርስዎ ምን ጠጡ ጋሽ ካሚል?»

ካሚል ፈገግ ሊል ከጅሎ ተወው። «ሰው ቤት የሰጡኝን ነው የምጠጣው። ውሃ ሰጡኝ።»

እትዬ ብዙነሽ ስለ ክርስቲያን ወገን አፈሩ። ለሁለት ዓመት ኩርፊያ ማብረጃ የተጠራ ሰው በውሃ ብቻ? የአየለ ንፍገት ነው አሉ ለራሳቸው፤ ሞቶም ያሳፍራል።

ከዚያ ወደ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሄዱ። መሊካ ብቻዋን ገባች። እነሱ ደጁ ላይ ባለ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ሆነው በመስኮቱ አዩ። የአየለን ስኳር የምትከታተለው ነርስ ሕይወት እያወራች ድንገት አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች።

መሊካ ስትወጣ ፊቷ አልተለወጠም። «ሩት፣ ሰሌዳሽ ላይ ፍራፍሬ የሚባል የለም?»

«ለስኳርተኛ አላበዛም። ዳር ላይ ለእንግዶቹ ቴምር አደርጋለሁ። እሑድም ለጋሽ ካሚል ብዬ አድርጌ ነበር፣ ተነሳ እንጂ።»

«ማን አነሳው?»

«እትዬ ሜሮን። ‹አየለ ካየው አይተወውም› አለችኝ። በቦርሳዬ መለስኩት።»

«አሁንም አለ?»

ሩት ቦርሳዋን ከፍታ በላስቲክ የተቋጠረውን ቴምር አሳየቻት። መሊካ አልነካችውም። «እንዳይጠፋ» አለች ብቻ።

የአየለ ደጅ ድንኳን ተጥሏል። ኤርሚያስ ሩትን ሲያይ ወንበር ገፍቶ ተነሳ። መንገድ ዳር ሆኖ፣ ሰው እየሰማው፣ አባቷ ሰክሮ ሰው ፈጀ፤ ልጁ ደግሞ በጨዋ ደንብ ቤት ገብታ ፈጀች፤ የአጎቱ ደም በከንቱ አይቀርም አለ። ሩት ባጃጁ ውስጥ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች። እትዬ ብዙነሽ ግን «በስካር» የሚለው ቃል ዳግም ሲነሳ ከባጃጁ ወርደው ፊቱ ቆሙ።

«አንተ የማን መኪና ነው የምትነዳው?»

«የአጎቴ።»

«ፍሬኑን አስፈትሸው» አሉት። «አጎትህ ፍሬን አይወድም ነበር።»

መሊካ ወደ እትዬ ብዙነሽ ዞራ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። እትዬ ብዙነሽ ያሉትን ወደ አፋቸው መመለስ ቢችሉ በወደዱ።

አስከሬኑ አዲስ አበባ ተመርምሮ ማክሰኞ ተመለሰና ተቀበረ። በነዚያ ቀናት እትዬ ብዙነሽ ከበር ወደ መስኮት ሲመላለሱ ሰነበቱ። ሩትን ውሃ ልትቀዳ እንኳ አላስወጧትም። ብትታሰር ምን ይዘውላት እንደሚሄዱ በሐሳባቸው አንድ በአንድ ሰፈሩ፤ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ የራስ ምታት ክኒን። ልጅቷ እናቷን በወሊድ፣ አባቷን በገደል አጥታለች፤ የቀሯት እሳቸው ናቸው። «ብትነግሪኝ እኮ እኔ ነኝ እላለሁ» አሏት አንድ ከሰዓት። «አሮጊት ናት ብለው ይተዉኛል።»

ሩት ቀና ብላ አየቻቸው። «ምኑን ልንገርሽ እማዬ?»



ሐሙስ፣ የሠልስቱ ዕለት፣ ለቀስተኛው በልቶ ሲበተን መሊካ ሰዎቹን ያ ምሳ በተበላበት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሜሮን ጥቁር ለብሳ ከባሏ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጣለች። ኤርሚያስ በሩ አጠገብ፣ ካሚል ከመስኮቱ ሥር፣ ነርስ ሕይወት ጥግ ይዛለች። ሩትና አያቷ አንድ ሶፋ ላይ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ትልቁ ሰሌዳ ባዶውን አለ፤ አጠገቡ አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ።

«አልቆይም» አለች መሊካ ቆማ። «ኤርሚያስ፣ ከየትኛው ሰሌዳ በላህ?»

«ከዚህ።»

«ከአጎትህ ፊት እያነሳህ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ቆመህ ታናግረኛለህ። መርዝ ቢኖርበት አንተ ነበርክ ቀድመህ የምትወድቀው። የሩት ሰሌዳ ንጹሕ ነው። ሐኪሞቹም መርዝ አላገኙም።»

 እትዬ ብዙነሽ የሩትን እጅ ፈልገው ያዙ።

«አየለን የገደለው የራሱ መድኃኒት ነው» አለች መሊካ፤ ወደ ጥጉ ዞረች። «ሕይወት፣ ለእኔ የነገርሽኝን ንገሪያቸው።»

ሕይወት ዓይኗን ሳታነሳ ተናገረች። በሚያዝያ መብራት እየጠፋ፣ ማቀዝቀዣው እየቆመ፣ በዚህ ሙቀት፣ የአየለ መድኃኒት ተበላሽቶ ኃይሉ ደክሞ ነበር። ስኳሩ አልወርድ ሲለው ማንንም ሳይጠይቅ መጠኑን በራሱ ጨመረ፤ ቆይቶም ጨመረ። እሷ የደረሰችበት በኋላ ነው። አዲስ ብልቃጥ ከበረዶ ጋር አሲዛ ላከች፤ ይህ ጤነኛ ነው፣ ወደ ድሮው ትንሽ መጠን ይመለስ፣ በዚያ በጨመረው መጠን ከወጋው ይገድለዋል ብላ አስጠነቀቀች።

«ለማን ነው የነገርሽው?»

«ለሜሮን።»

 ሜሮን አልተንቀሳቀሰችም።

«ረስታው ይሆናል አልኩ እኔም» አለች መሊካ። «ሰው ይረሳል። የምሳው መጠጥ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ እስላም ነኝ፤ ክርስቲያን ቤት ስንት ጊዜ ተጠርቻለሁ። በዚህ በይፋት ምድር ክርስቲያን ለእስላም እንግዳ ከሥጋው በፊት የሚያስበው ለስላሳውን ነው። ደሃው ቤት እንኳ ተበድሮ አንድ ጠርሙስ ያቀርባል። እዚህ ለእርቅ የተጠራ ሰው፣ ሥጋው በቢላዋ ሳይቀር ተለይቶለት፣ ውሃ ጠጣ።»

ካሚል አንገቱን ደፋ።

«ኤርሚያስ፣ ለስላሳ ላምጣ ብለህ ነበር ወይ?»

«ብዬ ነበር» አለ ኤርሚያስ፣ ድምፁ ወርዶ። «‹አለ፣ ተቀመጥ› አለችኝ።»

«ነበረም። አንድ ሣጥን ሙሉ። ሜሮን ቅዳሜ ጠዋት ለባለሱቁ መልሳዋለች። ማሩንና ስኳሩን በዚያው ቀን ለማኅበርተኞቿ ሰጥታለች። ሩት ያመጣችውን ቴምር ከሰሌዳው አስነሳች። አዲሱን ብልቃጥ እሑድ በአሮጌው ቦታ አኖረች፤ መጠኑን ግን አልነገረችውም። ምሳው እንጀራ የለው፣ ዳቦ የለው። አንድ ሰው ብዙ መድኃኒት ወስዶ ስኳሩ ሲወርድበት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ አንድ ጭብጥ ቴምር ይመልሰዋል። ይህ ቤት ያን ቀን አንድም የሚመልሰው ነገር እንዳይኖረው ተጠርጎ ነበር። ካሚል ስኳር ሲል የለም ያለችውም፣ ነርስ እጠራለሁ ብላ እንግዳውን ሸኝታ ያልጠራችውም አንዲት ሰው ናት። ዝም ብለሽ ብቻ ቢሆን ሜሮን፣ እኔም ዝም እል ነበር ይሆናል። አንቺ ግን ቤቱን ጠረግሽው።»

ሜሮን ነጠላዋን ከትከሻዋ አስተካከለች። ስትናገር ድምፏ የቤት ዕቃ ቦታ የምታሳይ ሴት ድምፅ ነበር።

«ሰባት ዓመት እግሩን አጥቤዋለሁ። ወንድሜን የቀበረልኝ ሰው ነው ብዬ። ጀውሃ ውስጥ አብዱልሀኪም የሚባል መካኒክ ነበር። ያቺ መኪና ልትሄድ ስትል አየለን ‹ይህ ፍሬን ጣርማ በርን አያወርድም› ብሎት ነበር። አየለ ሰምቶ ዝም አለ። ለደምሴ አልነገረው፣ ለአቤል አልነገረው። ከሄዱበት ሲመለሱ ይጠገናል አለ። እሱ የተነገረውን ዝም አለ፤ እኔም የተነገረኝን ዝም አልኩ። እኩል ነን።» ወደ ፎቶግራፉ ቀና ብላ አየች። «ሲያልበው አየሁት። አቤልም ያን ቁልቁለት ሲወርድ እንዲህ አልቦት ይሆናል አልኩ። ደስ አለኝ። አሁንም ደስ ይለኛል።»

እትዬ ብዙነሽ ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሲሞቅ ተሰማቸው። ዘጠኝ ዓመት የፈለጉት ይኸው ነበር፤ በጆሯቸው ሰሙት። የሩት እጅ በእጃቸው ውስጥ ደርቆ መቅረቱን ያስተዋሉት ቆይተው ነው።

«እትዬ ሜሮን» አለች ሩት። «በዚያ ምሳ ላይ ‹አባትሽ አልሰከረም› ብሎ በጋሽ ካሚል ፊት እንዲናገር አደርገዋለሁ ብለሽኝ ነበር። ለዚያ ነው የመጣሁት። እሱን ቃል ልሰማ።»

«ባልልሽ ትመጪ ነበር?»

«አትዋሺኝም ብዬ ነበር።»

«የሚለውማ ነገር አልነበረውም» አለች ሜሮን። «እንዲል አልፈለግኩም። ተናግሮ ይቅር ቢባልስ?»

ሩት ቦርሳዋን ከፍታ ቴምሩን አወጣችና ሰሌዳው ላይ አስቀመጠችው። «ይህ ትከሻዬ ላይ ነበር። ሲወድቅ እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

 መሊካ ወደ ሜሮን ዞረች።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለች። «አብዱልሀኪም ከፋሲካ በፊት ሞቷል። ሜሮን፣ አንቺ ጀውሃ ሄደሽ አታውቂም። ይህን ማን ነገረሽ?»

 ሜሮን ዓይኗን ወደ ሶፋው አነሳች።

እትዬ ብዙነሽ የሁሉም ዓይን እሳቸው ላይ ሲያርፍ ተሰማቸው። መካኒኩ ሊሞት ሲል አስጠርቷቸው ነበር። ከሰል የመሰለ እጁን ዘርግቶ «አፉ በይኝ እትዬ ብዙነሽ፣ ልጅሽ አልጠጣም፤ እኔ አውቃለሁ፣ ፈርቼ ነው» አላቸው። አፉ አሉት። ለሩት ግን አልነገሯትም፤ ወጣት ናት፣ አንድ ነገር ታደርጋለች ብለው ፈሩ። በሚቀጥለው ገበያ ሜሮንን ሽንኩርት ተራ አገኟት። ነገሩን ጆሮዋ ውስጥ ሲያንቆረቁሩ ምን እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። እሳቱ እዚያው በቤቱ ውስጥ እንዲነድ ነበር የፈለጉት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እማዬ» አለች ሩት። «አባዬ እንዳልጠጣ ታውቂ ነበር?»

«ሁልጊዜም አውቃለሁ እኮ፣ ልጄ አይደለም?»

«መካኒኩ ነግሮሽ ነበር?»

«ነግሮኝ ነበር።»

«ለእሷ ነገርሻት።»

«አንቺን ፈርቼ። እንዳትጠፊብኝ ፈርቼ ነው የኔ ልጅ። ሰሌዳውንም ያጠብኩት…» ሊጨርሱት አልቻሉም። ሩት ግን ጨረሰችው፤ በፊቷ ላይ አዩት። አያቷ ሰሌዳውን ሲፈትጉ ገዳይ ናት ብለው እንደነበር፣ ሦስት ቀን ሙሉ እህል ቅመሽ ሲሏት ገዳይ ናት እያሉ እንደነበር።

ውጭ መኪና ቆመ። መሊካ ሜሮንን በክንዷ ይዛ አስነሳች። ከዚያ ሰሌዳውን ከጠረጴዛው አንስታ ለሩት ዘረጋችላት። «ያንቺ ነው። ነፃ ነው።»

ሩት አልተቀበለችም። እጇን ከአያቷ እጅ ቀስ ብላ አወጣች፤ ጣት በጣት። እትዬ ብዙነሽ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ሻሽሽን አጥልቂ ሊሏት ነበር፤ ወዴት ነው ሊሏትም ነበር። ልጅቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ በኤርሚያስ አጠገብ አለፈች፤ ኤርሚያስ ጠጋ ብሎ መንገድ ለቀቀላት። በድንኳኑ ሥር፣ በባዶዎቹ ወንበሮች መሀል አልፋ ወጣች። ወደ ቤታቸው አልታጠፈችም፤ ወደ ደብረ ሲናና ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት መኪናዎች ወደሚቆሙበት ወደ አስፋልቱ አቀናች።